የጋሽ ኑርሁሴን ሦስት ሚሊ

ጋሽ ኑርሁሴን ወደ ሱቄ የሚመጡት ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስተው፣ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥተው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ሲደርሱ ጃኬታቸው እስከ አገጫቸው ተቆልፏል። ታብሌታቸውን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው፣ በላዩ ፎጣ ደርበው፣ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይገባሉ። «ዝናብ የለም እኮ ጋሼ» እላቸዋለሁ። «አቧራውስ?» ይሉኛል። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ታብሌቱን የገዛችላቸው ልጃቸው መዲና ናት፤ ጡረታ ሲወጡ ዜና ይዩበት ብላ ነበር። እሳቸው ዜናውን በሳምንት ውስጥ ጠገቡትና መሳል ጀመሩበት።

እኔ ሸዋረጋ እባላለሁ። ሥራዬ ህትመት ነው፤ ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ ቲሸርት፣ ጨርቅ፣ ደንበኛ ያመጣውን ሁሉ አትማለሁ። በሥራዬ ቀልድ አላውቅም። የተንጋደደ ፊደል ካየሁ ምግብ አይወርድልኝም፤ ደንበኛው ራሱ «ግድ የለም፣ ይሁን» ቢለኝ እንኳ አስተካክዬ ነው የምሰጠው። ይህ ጠባዬ ብዙ ደንበኛ አምጥቶልኛል። አንድ ቀን ግን ሊያሳብደኝ ምንም አልቀረውም፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ከሱቁ ሌላ አንድ የቴሌግራም ቡድን አለኝ። በስልክ፣ በታብሌት፣ በኮምፒውተር የሚስሉ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች የተሰባሰቡበት ነው፤ አርባ ብንሆን ነው። መጀመሪያ ሁሉም የፈለገውን ይልክ ነበር፤ የሚልከውም ከጦሳ ተራራ በስተጀርባ የምትጠልቅ ፀሐይ ነበር። አንድ ዓርብ ሰለቸኝና «ጦሳን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን የምሰጣችሁ እኔ ነኝ፤ እጅ የማይዳስሰውን፣ ዓይን የማያየውን ነው የምትስሉት» ብዬ ጻፍኩላቸው። ሕጉ ቀላል ነው። ዓርብ አንድ የስሜት ቃል እሰጣለሁ፤ እስከ ሐሙስ ሥራው ይላካል። ያልላከ ይወቀሳል፤ ወቃሿም እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቃል ናፍቆት ነበር። ሃያ ሰው የምታለቅስ ሴት ላከልኝ። ሴት፣ መስኮት፣ እንባ፤ ሴት፣ መስኮት፣ እንባ። በንዴት ስልኬን ልዘጋው ስል የጋሽ ኑርሁሴን መጣ። የላኩት አንሶላ ነበር፤ ማለቴ የአንሶላ ንድፍ። ትሪዎች ናቸው፣ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ። የእያንዳንዱ ትሪ አንድ ጎን ተበልቷል፤ ሌላው ጎን አልተነካም። ስልኬን ሳልዘጋው ቀረሁ።

ለምን ሰው እንደማይስሉ አንዱ ጠየቃቸው። «ፊት አልስልም» አሉ። «ዲኔም አይወድልኝም። ደግሞ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ፊት ያለበት አንሶላ አትመን አናውቅም። በሰው ፊት ላይ ማን ይተኛል?»

ሠላሳ ዓመት ያሉት ኮምቦልቻ፣ አቶ ኪዳኑ የሚባሉ ሰው በነበራቸው የጨርቅ ማተሚያ ነው። ማተሚያው ዛሬ የለም። ጋሽ ኑርሁሴን እዚያ የአንሶላና የመጋረጃ ንድፍ ይስሉ ነበር። የዚህ ሥራ ሰው ዓይኑ ከሌላው ይለያል። ንድፉ አንድ ክንድ የሚሆን ካሬ ነው፤ ያው ካሬ በጨርቁ ላይ እየተደጋገመ ይታተማል። ስለዚህ የቀኙ ጠርዝ ከግራው፣ የላዩ ከታቹ ፀጉር ሳያስገባ መግጠም አለበት። ካልገጠመ አበባው በየክንዱ አንገቱ ይቆረጣል።

ስሜትንም የሚፈትኑት በዚሁ ነው። ቅናት ስል መጋረጃዎች ላኩ፤ የእያንዳንዱ መጋረጃ ጫፍ በትንሹ ተገልጧል፤ ያ ብቻ። እፎይታ ስል አፋቸው የተፈታ ጆንያዎች ላኩ። ብቸኝነትን የሰጠሁ ሳምንት ግን ሱቄ መጥተው ግማሽ ቀን ተቀመጡ። «አስቸገረኝ ሸዋዬ» አሉኝ። «አንድ ብቸኛ ነገር ስዬ ስደጋግመው ሁለት ይሆናል፤ ከዚያ አራት ይሆናል፤ ከዚያ ገበያ ይሆናል። መቶ ብቸኛ ተሰብስቦ ብቸኛ ነው ይባላል?» እኔም «ታዲያ አይደጋግሙት፤ አንዱን ብቻ ይላኩ» አልኳቸው። የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ።

ሐሙስ የላኩት መስጊድ ደጃፍ የወለቀ ጫማ ነበር። ጫማዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ከጎናቸው ካሉት ጋር እየተነካኩ ጨርቁን ሞልተውታል። መሐል ላይ ግን አንድ ነጠላ ጫማ ጥንዱን አጥቶ ተቀምጧል። ሌሎቹ ጥንድ ስለሆኑ እሱ መቶ ጊዜ ቢደጋገምም ብቻውን ነው። ቡድኑ ሁሉ አጨበጨበላቸው። ሰውየው ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ማወቃቸውንም ያውቃሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ገጠመልኝ» ብቻ ብለው ጻፉ።

የትሪውን ነገር ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት።

በዚያ ማተሚያ ጋሽ ብሩ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጋሽ ኑርሁሴን ይስላሉ፤ ጋሽ ብሩ ንድፉ የተገለበጠበትን ወንፊት መሳይ ስክሪን ማሽኑ ላይ ይገጥማሉ። አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን ናቸውና በፍስክ ቀን ምሳቸው ለየብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ሥጋ የለም፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሐረግ ያለበት የአንሶላ ምርት ተበላሸ። ሐረጉ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ዝንፍ ይላል፤ ያውም በስንት ሺህ ሜትር ጨርቅ ላይ። በማተሚያ ቤቱ ልማድ ዝንፈቱ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥፋቱ የገጣሚው ነው፤ ከሁለት ካለፈ ግን ንድፉ ራሱ ተሳስቶ ተስሏል ማለት ነው። አቶ ኪዳኑ ማስመሪያውን ለጋሽ ኑርሁሴን ሰጧቸው፤ የሚታመኑት እሳቸው ነበሩ። ለኩ። «ሁለት» አሉ። ሦስት ነበር።

ጋሽ ብሩ በዚያው ሳምንት ተባረሩ። ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው ደጋን ከተማ ሄደው የፍራሽ ስፌት ጀመሩ። ጋሽ ኑርሁሴን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመጣላቸው መልስ አንድ ነው። «በደፈናው አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ቢለኝ አልቀበልም። ይምጣና ስንት እንደነበር በገዛ እጁ ያሳየኝ።» ጋሽ ኑርሁሴን ይህን ማድረግ አቃታቸው። ዋሸሁ ማለት ከባድ ነው፤ በሥራዬ ተሳስቼ ነበር ማለት ግን ለእሳቸው ከውሸቱም ይከብዳቸው ነበር።

ባለፈው መስከረም ለቡድኑ ዓውደ ርዕይ አዘጋጀሁ። ደሴ ውስጥ አንድ አዳራሽ አገኘን፤ ቀኑም እሑድ ከሰዓት ሆነ። ሁሉም በአንድ ቃል ላይ አንድ አንድ ሥራ ያቀርባል። ቃሉን እኔ መረጥኩ፤ ጸጸት። ጋሽ ኑርሁሴን ማክሰኞ መጥተው ጃኬታቸውን ሳይፈቱ ፊቴ ቆሙ።

«ይሄን ቃል ቀይሪልኝ።»

«አልቀይርም።»

«በአላህ ሸዋረጋ።»

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ከቀየርኩ ለአርባውም ልቀይር ነው። ብቸኝነትን ያጋጠሙ ሰው ጸጸት ምን ያደርግዎታል?»

ታብሌታቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ማክሰኞ ሳይመጡ ቀሩ። ዓውደ ርዕዩ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት፣ ፋይሉ መጣልኝ። ከሥሩ «አራት ሜትር፣ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ እንዳለ ይታተም። ነገ በስድስት ሰዓት እወስደዋለሁ» ብለው ጽፈዋል። እንዳለ ይታተም የማይለኝ ደንበኛ የለም። ሁሉም ይላል፤ ኋላ ደግሞ «ይሄን ስህተት እንዴት አላየሽውም?» ብሎ የሚቆጣኝ እሱው ነው።

ከፈትኩት። ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግንዱ ቡናማ። የድሮ አንሶላ ይመስላል። ጸጸቱ የቱ ጋ እንዳለ አልገባኝም። ከዚያ መጋጠሚያውን አየሁ። ግንዱ ሦስት ሚሊ ዝንፍ ብሏል። «ጋሽ ኑርሁሴን አረጁ» ብዬ ከልቤ አዘንኩ። ብደውልላቸው አላነሱም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እያየሁ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። ግንዱን ይዤ ሦስት ሚሊ ወደ ቀኝ ገፋ አደረግኩት፤ ቅጠሉን ከቅጠሉ አገናኘሁት፤ ገጠመ። አራቱን ሜትር አትሜ፣ በሙቀት ማሽኑ አሳልፌ፣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። በራሴም ኮራሁ።

ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ጋሽ ኑርሁሴን ሐጂ እንድሪስን ይዘው መጡ። ሐጂ እንድሪስ የሰፈራቸው የቅሬ፣ ማለትም የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ለቅሶ ሲሆን እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚያሰልፉት፣ የተጣላውንም የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ኑርሁሴን ጥቅሉን ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ጣታቸውን ሐረጉ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ሄዱ። መጋጠሚያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው እንደገና ሄዱበት።

«ማነው ያጋጠመው?»

«እኔ ነኛ! ተሳስተው ነበር፣ አስተካከልኩልዎ። ያመስግኑኝ እንጂ።»

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ቅድም የነገርኳችሁን ሁሉ የነገሩኝ ያኔ ነው፤ ማስመሪያውን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን፣ ትሪውን። ያን ሐረግ ከትዝታቸው መልሰው የሳሉት ከነዝንፈቱ ነው። ጸጸቱ ዝንፈቱ ነበር። ጨርቁን ይዘው በዘጠኝ ሰዓት ደጋን፣ ጋሽ ብሩ ደጃፍ ሊቆሙ ቀጠሮ አላቸው። «ይሄ ሦስተኛው ሽምግልና ነው» አሉ ሐጂ እንድሪስ። «ካልሆነ እኛም ከዚህ በኋላ አንሄድም፤ ብሩም ከዚህ በኋላ አልሰማም ብሏል።»

ምን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። «አሁኑኑ መልሼ አትመዋለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው» ብዬ ወደ ማሽኑ ሮጥኩ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ መብራት የለም። በሩ ላይ ወጥቼ አየሁ፤ ጎረቤቱም ሁሉ የለውም። ማልቀስ ሲገባኝ ማሽኑን ተሳደብኩ። ማሽኑ ምን አደረገ?

ጋሽ ኑርሁሴን ግን ጨርቁን ሲያዩ ቆይተው ብድግ አሉ። «መቀስ አለሽ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። እኔ በኩራት ካጋጠምኳቸው መስመሮች በመሐለኛው ላይ ማስመሪያ አስተኝተው፣ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ቆረጡት።

«ጋሼ ምን እያደረጉ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ብሩ ያለው በገዛ እጁ ያሳየኝ ነው» አሉ። «ማሽን ያሳየኝ አላለም።»

ሁለቱን ቁራጭ አንድ ላይ ጠቀለሉ። እኔም ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳቸው። እንዲህ አጥፍቼ ሱቄ ውስጥ እቀመጣለሁ እንዴ?

ሐረጎን ቁልቁል ወረድን። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ተቀበለንና እኔም ሐጂም የደረብነውን አወለቅን፤ ጋሽ ኑርሁሴን ግን እንደተቆለፉ ናቸው። ሌላ ሚኒባስ ይዘን ደጋን ገባን። የጋሽ ብሩ ሱቅ መንገዱ ዳር ነው፤ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ተደርድሮ በሩን ሊደፍነው ደርሷል። ልንደርስ ሃያ እርምጃ ሲቀረን ጋሽ ኑርሁሴን ጥቅሉን ከብብታቸው አውጥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉት። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። እኛ አገር በዳይ ለዕርቅ የሚመጣው እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። አላፊ አግዳሚው ያየው ጨርቅ የተሸከመ ሽማግሌ ነው። ጋሽ ብሩ ግን ከሩቅ ለይተው፣ መርፌያቸውን አስቀምጠው ተነሱ።

«አውርደው» አሉ። ሌላ ሰላምታ አልነበረም።

ጋሽ ኑርሁሴን ሁለቱን ቁራጭ ፍራሽ ላይ ዘርግተው አጠጋጓቸው። መጀመሪያ ሐረጉ ልክ ገጠመ። ከዚያ የቀኙን ቁራጭ በአውራ ጣታቸው ትንሽ ገፋ፣ ደግሞ ትንሽ ገፋ አደረጉና እጃቸውን አነሱ። ጋሽ ብሩ ጎንበስ አሉ። ማስመሪያ አልፈለጉም፤ ጥፍራቸውን ዝንፈቱ ላይ አስቀመጡ።

«ስንት ነው ይሄ?»

«ሦስት።»

«ያኔስ?»

«ያኔም ሦስት ነበር። ንድፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማስመሪያው ላይ ሦስት እያየሁ ሁለት አልኩ። ወላሂ አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልህም። አፉ በለኝ ብሩ።»

ጋሽ ብሩ ጥፍራቸውን ከዝንፈቱ ላይ አንስተው እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«ዘጠኝ ዓመት እጄን ስጠራጠረው ኖርኩ» አሉ። «አንድ ፍራሽ ለመስፋት ሦስቴ እለካለሁ። እጄ እንዳልሆነ አንተ ታውቅ ነበር።»

ጋሽ ኑርሁሴን አለቀሱ። ሐጂ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊናገሩ ሲሉ ጋሽ ብሩ በእጃቸው ከለከሏቸው። «ይተዉት ሐጂ፤ የጠየቅሁትን አምጥቷል። አፉ ብዬሃለሁ ኑርሁሴን። እግዜርም አፉ ይበልህ።» ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ እኔ ፊቴን ወደ ፍራሾቹ አዞርኩ፤ እንባዬን ሰው እንዲያይብኝ አልወድም።

ነገሩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ «በሉ ጋሽ ብሩ፣ ይስፉልንና ለነገው ዓውደ ርዕይ ይድረስ» አልኩ። ጋሽ ብሩ ክሩን አስገብተው ቀና አሉ።

«ልክ አድርጌ ነው የምሰፋው?»

«የለም፣ እንደተዛነፈ» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን።

«እንደተዛነፈማ አልሰፋም! ሰው አይቶ ብሩ ዛሬም አዛነፈ ሊለኝ? ማርያምን አልሰፋም!»

አንዱ ስፋ ይላል፣ አንዱ አልሰፋም ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው የሠሩ ሰዎች እንዴት እንደሚጨቃጨቁ ያኔ አየሁ፤ ሐጂ እንድሪስ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ውጭ ወጡ። በመጨረሻ ጋሽ ኑርሁሴን የፍራሹ ልክ የሚጻፍበትን ማርከር አንስተው፣ መጋጠሚያው ዳር በትልቁ «ያዛነፍኩት እኔ ኑርሁሴን ነኝ» ብለው ጻፉ። ጋሽ ብሩ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ መርፌያቸውን አነሱና ሰፉት፤ ቀጥ ያለ፣ የተጠጋጋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሚሊ የተዛነፈ።

እሑድ ጠዋት መብራቱ ተመልሶ ነበር። ለጋሽ ኑርሁሴን ደወልኩና «ከነዝንፈቱ አዲስ ላትምልዎ? ያልተቆረጠ፣ ንጹሕ?» አልኳቸው። «እንዳለ ይሰቀል» አሉኝ። እንዳለ ሰቀልኩት። የተንጋደደ ነገር አይቼ ምሳዬን ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከአርባው ሥራ አሥራ ስምንቱ በሁለት እጁ ራሱን የያዘ ሰው ነበር፤ ወደፊት ምን እንደማደርጋቸው አውቃለሁ። ጋሽ ብሩ የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው ከደጋን መጡ፤ ጨርቁ ሥር ጋሽ ኑርሁሴን አጠገብ ቆሙና እስኪዘጋ ድረስ አልተነቃነቁም። አንዱ መጥቶ «ይሄ ለምን ተዛነፈ?» ሲል «ስፌቱ የእኔ ነው፤ ዝንፈቱ የእሱ ነው» ይላሉ። «ስንት ይሆናል?» ያለ እንደሆነ ደግሞ ከኪሳቸው ማስመሪያ አውጥተው ለጋሽ ኑርሁሴን ያቀብላሉ። «ለካላቸው» ይላሉ። ጋሽ ኑርሁሴን ጎንበስ ብለው ይለካሉ። ቆጥሬያለሁ፤ ያን ቀን አሥራ አራት ጊዜ ለኩ። አሥራ አራቱንም ጊዜ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሦስት» አሉ።